ኖታው ሳይጠፋ የጠፋ ድምፅ፦ የሱፐር ኒንቴንዶን ሙዚቃ በጌም ቦይ አድቫንስ ላይ ስለመመለስ

በ1994 ለሱፐር ፋሚኮም (የሱፐር ኒንቴንዶ የጃፓን ስም) የወጣው ፋይናል ፋንታሲ 6 በ2006 ወደ ጌም ቦይ አድቫንስ ሲሻገር ታሪኩ ሙሉ ነበር፤ ምስሉም ብዙ አልተጎዳም። ጆሮ ግን ልዩነቱን ወዲያው ያውቀዋል። የኖቡኦ ኡኤማትሱ ዜማዎች እዚያው ናቸው። የሚጫወቷቸው መሣሪያዎች ግን ሌሎች ናቸው። የክር መሣሪያዎቹ ሳስተዋል፣ ጽናጽሉ ደብዝዟል፣ ከሁሉም ጀርባ ደግሞ ሽሽ የሚል የማይቋረጥ ጫጫታ አለ። በዚያ ዘመን ከሱፐር ኒንቴንዶ ወደዚህች ትንሽ የእጅ መሣሪያ የተሻገሩ ብዙ ጨዋታዎች ዕጣቸው ተመሳሳይ ነው። ዛሬ የምናየው ያንን ድምፅ እንዴት መመለስ እንደሚቻል፣ የት የት ላይ እንደሚበላሽና ለምን እንደሚበላሽ ነው።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚመጣለት ሐሳብ ዋናውን ሙዚቃ ቀድቶ መክተት ነው። ሒሳቡ አይፈቅድም። በ8 ቢት፣ በሞኖ፣ በሴኮንድ 13379 ናሙና (የድምፁ ቅጽበታዊ ልክ) ብቻ ቢቀዳ እንኳ የአንድ ሰዓት ሙዚቃ 48 ሚሊዮን ባይት ገደማ ይወጣዋል። ካርትሪጁ ያለ ተጨማሪ ማቀያየሪያ የሚችለው ደግሞ ቢበዛ 32 ሜጋባይት ነው፤ ጨዋታውም በዚያው ውስጥ መቀመጥ አለበት። ስለዚህ መመለስ ሲባል መሣሪያዎቹን መመለስ ነው። ኖታውን ማሽኑ ራሱ ይጫወታል፣ እኛ የምንሰጠው የድሮዎቹን ድምፆችና የሚጫወትበትን አኳኋን ነው።

ሥራው ከታች ነው የሚጀምረው። መጀመሪያ ድምፆቹን የሚደምረው ሚክሰር ይስተካከላል፣ ቀጥሎ ናሙናዎቹ፣ ማለትም የእያንዳንዱ መሣሪያ አጫጭር ቅጂዎች፣ ከዚያ የድምፁ አነሳስና አወራረድ፣ ኖታው መጨረሻ ላይ። አብዛኛው ፕሮጀክት በግልባጩ ይሄዳል፤ ኖታ ማረም ቀላልና አስደሳች ስለሆነ። ኋላ ሚክሰሩ ሲነካ የናሙናው ብሩህነት ይለወጣል፣ ኢኮው ያጥራል፣ ቻናሉ ያንሳል፤ የተደከመበት ሁሉ እንደገና ሊሠራ ነው።

ሁለቱን ማሽኖች ባጭሩ እንያቸው። ሱፐር ኒንቴንዶ ለድምፅ ብቻ የተመደበ ክፍል አለው። ኤስፒሲ 700 የተባለው የሶኒ ፕሮሰሰር 64 ኪሎባይት የራሱ ሜሞሪ ይዞ ይሠራል። ከጎኑ ያለው የድምፅ ቺፕ ስምንት ድምፆችን በ32000 ሄርዝ፣ በ16 ቢት ስቴሪዮ ያወጣል። የእያንዳንዱን ኖታ መነሳትና መውረድ፣ የናሙናውን ማለስለስና ኢኮውን ሃርድዌሩ ይጨርሰዋል፤ ዋናው ፕሮሰሰር እጁን አያስገባም። በ2001 የወጣው ጌም ቦይ አድቫንስ ይህ ሁሉ የለውም። ያለው ከቀድሞው ጌም ቦይ የወረሳቸው አራት ቀላል ድምፅ አመንጪዎችና ሁለት የ8 ቢት ዲጂታል መውጫዎች ናቸው፤ መውጫዎቹ አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ለግራ አንዱ ለቀኝ ይውላሉ። ስምንት ወይም አሥር መሣሪያ አንድ ላይ ለማሰማት በ16.78 ሜጋሄርዝ የሚሮጠው ያው ዋና ፕሮሰሰር ናሙናዎቹን አንድ በአንድ መደመር አለበት። አንድ ፍሬም፣ ማለትም ስክሪኑ አንዴ የሚሣልበት ጊዜ፣ 280896 የፕሮሰሰር ምት ነው፤ ሙዚቃው የሚኖረው ከዚህ በሚቆረስለት ነው።

እጅግ ብዙዎቹ የጌም ቦይ አድቫንስ ጨዋታዎች ኒንቴንዶ ለገንቢዎች የሰጠውን የሙዚቃ ላይብረሪ ይጠቀማሉ፤ አድናቂዎች ሳፒ የሚሉት እሱን ነው። ጨዋታችሁ በሌላ ሞተር የተሠራ ከሆነ ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች አይሠሩላችሁም፤ ይህን ሳታረጋግጡ ምንም አትጀምሩ።

የላይብረሪው አሠራር በሰንጠረዥ ላይ ሰንጠረዥ ነው። ከላይ የዘፈኖች ዝርዝር አለ፤ ለአንድ ዘፈን 8 ባይት፣ የመጀመሪያዎቹ አራቱ የዘፈኑ ራስጌ አድራሻ ናቸው። ራስጌው የትራኮቹን ብዛት፣ ቅድሚያውንና የማስተጋባቱን መጠን በየአንድ ባይት ይዞ ወደ መሣሪያ ባንኩና ወደ እያንዳንዱ ትራክ ይጠቁማል። በመሣሪያ ባንኩ ውስጥ አንድ መሣሪያ 12 ባይት ነው፦ ዓይነቱና መነሻ ኖታው ከፊት፣ የናሙናው አድራሻ መሐል፣ የመጨረሻዎቹ አራት ባይቶች ደግሞ መነሻ፣ መውረጃ፣ መቆያና መልቀቂያ። ናሙናው ራሱ 16 ባይት ራስጌ አለው፤ የሉፕ (እየተደጋገመ የሚጫወተው ክፍል) ምልክት፣ ፍጥነት፣ የሉፕ መነሻና ርዝመት፤ ከዚያ ባለ ምልክት የ8 ቢት ዳታ ይከተላል።

አድራሻዎች ታናሹ ባይት ቀድሞ ስለሚጻፉ ወደ ካርትሪጅ የሚጠቁም አድራሻ አራተኛ ባይቱ ሁልጊዜ 8 ወይም 9 ነው። በሄክስ ኤዲተር (የፋይሉን ባይቶች በሚያሳይ ፕሮግራም) ስትመለከቱ በየስምንት ባይቱ አራተኛው ቦታ ላይ 8 እየተደጋገመ ረጅም መንገድ ከሄደ የዘፈኖቹ ዝርዝር እዚያ መሆኑን ጠርጥሩ። ከዚያ አንዱን አድራሻ ተከትላችሁ ሂዱ። የደረሳችሁበት የመጀመሪያ ባይት ከ1 እስከ 16 ያለ ቁጥር ከሆነና ከስምንተኛው ባይት በኋላ ያን ያህል አድራሻ ተደርድሮ ካገኛችሁ፣ በትክክለኛው በር ገብታችኋል።

አሁን ወደ ሚክሰሩ። ላይብረሪው የሚያውቃቸው 12 ፍጥነቶች ብቻ ናቸው፤ ዝቅተኛው 5734፣ ከፍተኛው 42048 ሄርዝ። ቁጥሮቹ ለዓይን ጎርባጣ የሆኑት በአንድ ፍሬም ውስጥ ሙሉ ቁጥር ናሙና እንዲገባ ስለተፈለገ ነው። 13379 ማለት በፍሬም 224 ናሙና፣ በየ1254 ምቱ አንድ ማለት ነው፤ ብታባዟቸው 280896 ልክ ይመጣል። 18157 በፍሬም 304፣ 21024 ደግሞ 352 ናሙና ነው። ከዝርዝሩ ውጭ የሆነ ፍጥነት በራሳችሁ ብታስገቡ ቋቱ (የተደመሩት ናሙናዎች ተራቸውን የሚጠብቁበት ሜሞሪ) ከፍሬሙ ጋር ይተላለፋል፣ በየተወሰነ ጊዜ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል።

ብዙ ጨዋታ 13379ን ይመርጣል። በዚህ ፍጥነት ከ6690 ሄርዝ በላይ ያለ ድምፅ ሊወጣ አይችልም፤ የሱፐር ኒንቴንዶ ጣሪያ 16000 ነው። የጽናጽሉ መደብዘዝ ምክንያቱ ይኸው ነው፣ ናሙናውን የቱንም ያህል ብታሳምሩት ከዚህ ጣሪያ አያልፍም። ጨዋታው ሲነሳ ለላይብረሪው አንድ ባለ 32 ቢት ቁጥር ይሰጠዋል። በዚያ ቁጥር ውስጥ ከ8ኛው እስከ 11ኛው ቢት የዲጂታል ቻናሎቹ ብዛት፣ ከ12ኛው እስከ 15ኛው ጠቅላላ የድምፅ ጉልበት፣ ከ16ኛው እስከ 19ኛው የፍጥነቱ ተራ ቁጥር ተቀምጧል። ተራ ቁጥር 4 ማለት 13379 ነው፤ 6 ማለት 18157፣ 7 ማለት 21024። 4ን በ7 መተካት የአንድ ባይት ለውጥ ነው፣ ውጤቱም ወዲያው ይሰማል።

ዋጋው ግን ቀላል አይደለም። ከ13379 ወደ 21024 መውጣት የድመራውን ሥራ በ57 በመቶ ይጨምራል። በዚያ ላይ ቻናሉን ከ5 ወደ 10 ብታሳድጉት ድምር ሥራው ከሦስት እጥፍ በላይ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ለኩ። ስክሪኑ አሁን የትኛው መስመር ላይ እንደደረሰ የሚናገር ሬጅስተር አለ። አንድ ፍሬም 228 መስመር፣ አንድ መስመር 1232 ምት ነው። ሚክሰሩ ከመጠራቱ በፊትና ከተመለሰ በኋላ ይህን ሬጅስተር አንብባችሁ ልዩነቱን መዝግቡ። 50 መስመር ከወሰደ 61600 ምት ነው፣ ከፍሬሙ 22 በመቶ ገደማ። የምትለኩትም በጨዋታው መግቢያ ስክሪን ላይ ሳይሆን ብዙ ጠላት፣ ብዙ ብልጭታና ብዙ ድምፅ ባለበት ውጊያ ላይ ነው። ጊዜው ካለቀበት ጨዋታው ይንቀራፈፋል፤ ወይም ቋቱ ሳይሞላ ይቀርና ያለፈው ቁራጭ እየተደገመ ሙዚቃው ይንተባተባል።

ከ21024 በላይ መውጣት በእኛ ግምት አያዋጣም። መውጫው 8 ቢት እስከሆነ ድረስ ከዚያ በላይ የሚገኘው ብሩህነት የሚከፈልበትን ያህል አይደለም። በተጨናነቀ ጨዋታ 18157 ይበቃል።

ሽሽ የሚለው ጫጫታ ሌላ ምንጭ አለው። የላይብረሪው ሚክሰር እያንዳንዱን ቻናል በቋቱ ላይ ሲደምር ውጤቱን ወዲያው ወደ 8 ቢት ይቆርጠዋል። ስምንት ቻናል ካለ ስምንት ጊዜ ተቆረጠ ማለት ነው፤ የእያንዳንዱ ቁራጭ ስህተት ይጠራቀምና ያ ጫጫታ ይሆናል። መፍትሔው ድምሩን በሰፊ ቋት ይዞ አንድ ጊዜ፣ መጨረሻ ላይ ብቻ የሚቆርጥ ሚክሰር መተካት ነው። በአድናቂዎች የተጻፉ እንዲህ ያሉ ሚክሰሮች አሉ። እንቅፋቱ ቦታ ነው፤ ሚክሰሩ ፈጣን እንዲሆን በ32 ኪሎባይቱ የውስጥ ሜሞሪ ላይ መቀመጥ አለበት፣ ጨዋታው ደግሞ ያንን ሜሞሪ ለራሱ ይጠቀምበታል። ነፃ የመሰለ ባዶ ቦታ አግኝታችሁ ከመያዛችሁ በፊት ጨዋታውን በየክፍሉ እያስኬዳችሁ ማንም እንደማይጽፍበት ተመልከቱ። ሚኒ ጌም ሲከፈት ብቻ የሚነካ ቦታ ብዙ ሰው አሰናክሏል።

ናሙናዎቹ። በሱፐር ኒንቴንዶ ናሙና የሚቀመጠው ቢአርአር በተባለ መጭመቂያ ነው፤ 16 ናሙና በ9 ባይት። ወደ 8 ቢት ሲፈታ 16 ባይት ይሆናል፣ ማለትም 1.8 እጥፍ ገደማ ያድጋል። ያ የ64 ኪሎባይት ሜሞሪ በሙሉ ናሙና ቢሆን እንኳ ሲፈታ 114 ኪሎባይት አይሞላም፤ ስለዚህ በካርትሪጁ ላይ የቦታ ጭንቅ የለም።

ጭንቁ ጥራት ላይ ነው። ሲፈታ 16 ቢት የሆነውን ድምፅ ወደ 8 ቢት ከማውረዳችሁ በፊት ጫፉ እስኪደርስ ድረስ ከፍ አድርጉት። በዝቅተኛ ድምፅ የተቀዳ ፍሉት እንዳለ ቢወርድ ከ256ቱ ደረጃ ምናልባት 40ውን ብቻ ይጠቀማል፤ ቀሪው ይባክናል። ከፍ ያደረጋችሁበትን መጠን ጻፉትና በትራኩ የድምፅ ትእዛዝ መልሳችሁ ቀንሱት። በድምፅ ሥራ የተለመደውን ጫጫታ ጨምሮ የመቁረጥ ዘዴ ግን በአጫጭር ሉፖች ላይ አትጠቀሙ፤ የጨመራችሁት ጫጫታ በየዙሩ ስለሚደገም እንደ ሌላ ቀጭን ኖታ ይጮኻል።

ቢአርአር አንድ ወጥመድ አለው። አብዛኞቹ ብሎኮች ዋጋቸውን የሚያሰሉት ቀድመው ከወጡት ሁለት ናሙናዎች ተነስተው ነው። ሉፑ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገባ ከፊቱ ያለው የኖታው መነሻ ነው፤ ሁለተኛ ጊዜ ሲገባ ግን ከፊቱ ያለው የራሱ የሉፑ ጭራ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ዙርና የሁለተኛው ዙር ቁጥሮች አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። ናሙናውን አንድ ጊዜ ብቻ ፈትቶ መቁረጥ ስፌቱ ላይ ጥቅታ ያመጣል። ሦስት ወይም አራት ዙር ፍቱ፣ የመጀመሪያውን ዙር ከመነሻው ጋር ተዉት፣ ሉፑን ከሁለተኛው ዙር ላይ ውሰዱ።

የሉፑ ርዝመትም ያስቸግራል። እነዚያ ጨዋታዎች ቦታ ለመቆጠብ ሲሉ 16 ወይም 32 ናሙና ብቻ የሆኑ ሉፖችን ይወዳሉ። የእጅ መሣሪያው ሚክሰር ከፍ ያለ ኖታ ሲጫወት በአንድ እርምጃ ብዙ ናሙና ይዘላል፤ 32000 ሄርዝ የሆነ ናሙና ሁለት ኦክታቭ ሲወጣና ሚክሰሩ በ13379 ሲሠራ እርምጃው ከ9 ናሙና ይበልጣል። ሉፑ ለዚህ እርምጃ ከጠበበ ድምፁ ይሰበራል። ሉፑን አራት ወይም ስምንት ጊዜ ደጋግማችሁ ጻፉት፤ የሚወስደው ቢበዛ 256 ባይት ነው። ከናሙናው መጨረሻ ቀጥሎ ደግሞ የሉፑን የመጀመሪያ ባይት አንድ ጊዜ ጨምሩ፤ ሚክሰሩ በሁለት ናሙና መካከል ሲያሰላ ከመጨረሻው አንድ አልፎ ያነባል።

ቅኝቱ በራስጌው ፍጥነት ይወሰናል። እዚያ የሚጻፈው ናሙናው መሐለኛውን ዶ፣ ማለትም ኖታ 60ን፣ እንዲያሰማ የሚያስፈልገው ፍጥነት በ1024 ተባዝቶ ነው። አንድ ምሳሌ፦ ሉፑ 64 ናሙና ሆኖ አንድ የድምፅ ሞገድ ብቻ ይዟል እንበል። ኖታ 60 261.63 ሄርዝ ስለሆነ በሴኮንድ 16744 ናሙና ገደማ ያስፈልጋል፤ የሚጻፈው ቁጥር 17145893 ይሆናል። በጆሮ ብቻ የተቃኘ መሣሪያ ለብቻው ጥሩ ይመስላል። ከሌላ መሣሪያ ጋር አንድ ዜማ ሲይዝ ነው የሚንቀጠቀጠው። ስለዚህ አስሉት።

ሌላው የሚረሳው ነገር ዋናው ማሽን ናሙናውን ሲያወጣ የሚያለሰልስ መሆኑ ነው። የላይኛውን ድምፅ በርከት አድርጎ ይቀንሳል። ከካርትሪጁ የፈታችሁት ጥሬ ናሙና ሰዎች ከሚያስታውሱት ይልቅ የሾለ ነው። ክሮቹና መለከቶቹ ከሾሉባችሁ ትንሽ የላይኛ ድምፅ ቀንሱላቸው፤ ከበሮና ጽናጽል ላይ ግን እጃችሁን ሰብስቡ፣ የእጅ መሣሪያው ራሱ በቂ ደብዝዞላቸዋል።

ወደ ድምፁ አነሳስና አወራረድ ስንመጣ ብዙ የመመለስ ሥራ የሚወድቅበት ቦታ ላይ ደርሰናል፤ ትክክለኛ ናሙና ይዞ ነው የሚወድቀው። በሱፐር ኒንቴንዶ መቆያ የሚባለው ቆሞ አይቆይም። ድምፁ ከመቆያው ደረጃ ከደረሰ በኋላ ከ0 እስከ 31 በተመደበ ፍጥነት መውረዱን ይቀጥላል፤ ፒያኖው እየሞተ የሚሄደው በዚህ ነው። በእጅ መሣሪያው ላይብረሪ ግን መቆያ ቋሚ ነው፤ ኖታው እስኪለቀቅ በዚያው ደረጃ ይቆማል። ቁጥሮቹን በስማቸው ብቻ አንድ ለአንድ ያዛመደ ሰው ፒያኖውን ኦርጋን አደረገው።

የሚሠራው መንገድ የላይብረሪውን መቆያ 0 አድርጎ የድሮውን የመቆያ ፍጥነት በመውረጃው ባይት ላይ መጻፍ ነው። ፍጥነት 16ን እንውሰድ። ሃርድዌሩ በየ64 ናሙናው ከድምፁ 256ኛውን እጅ ይቀንሳል። በአንድ የእጅ መሣሪያው ፍሬም ውስጥ 536 ገደማ ናሙና ስለሚያልፍ በፍሬም 8.4 ቅነሳ አለ። 255 ለ256 የ8.4 ኃይሉ 0.968 ነው፤ በ256 ሲባዛ 248። በመውረጃው ባይት የሚጻፈው ይህ ነው። በዚሁ ስሌት ፍጥነት 20 ወደ 235፣ ፍጥነት 10 ወደ 254 ይሄዳል። መነሻውም እንዲሁ ነው፦ የመነሻ ቁጥር 10 በዋናው ላይ 40 ሚሊሴኮንድ ይፈጃል፣ 2.39 ፍሬም ማለት ነው፣ 255ን ለዚያ ስታካፍሉ 107 ታገኛላችሁ።

ጉዱ ያለው ዝግ ያሉት ፍጥነቶች ላይ ነው። ፍጥነት 7 በስሌቱ 255 ይመጣል፤ ትክክል ይመስላል። ነገር ግን ላይብረሪው የድምፁን ደረጃ በአንድ ባይት ነው የሚይዘው፣ አባዝቶም ክፍልፋዩን ይጥላል። 255 በ255 ተባዝቶ ለ256 ሲካፈል 254 ይሆናል። 100ም 99 ይሆናል፤ 20ም 19። በየፍሬሙ አንድ አንድ እየቀነሰ በ4.3 ሴኮንድ ዜሮ ይደርሳል ማለት ነው። በዋናው ማሽን በዚያው ጊዜ ድምፁ ገና ከሲሶ በላይ አለ። ረጅም ኖታ የሚይዙ ክሮችና ኮረስ በእጅ እትሙ ላይ መሐል መንገድ የሚጠፉት በዚህ ምክንያት ነው። ለእነዚህ መሣሪያዎች መቆያውን 255 ላይ አቁሙና መውረዱን በትራኩ ውስጥ በድምፅ ትእዛዞች በእጅ ጻፉት፣ በየሩብ ኖታው አንድ ትእዛዝ ይበቃል። ሚክሰሩን ከተካችሁ ደግሞ የደረጃውን ቆጣሪ በዚያው አጋጣሚ ወደ 16 ቢት ማሳደግ የበለጠ ንጹሕ ነው።

መልቀቂያው በዋናው ላይ 8 ሚሊሴኮንድ ብቻ ነው፣ ከግማሽ ፍሬም ያነሰ። በእጅ መሣሪያው 0 ብትሰጡት ድምፁ በአንዴ ይቆረጥና ወፍራም ባስ ላይ ጥቅታ ይሰማል። 100 ብትሰጡት 255፣ 99፣ 38፣ 14፣ 5፣ 1፣ 0 እያለ በስድስት ፍሬም ያልቃል፤ ለጆሮ ጥሩ ነው። ለቻናል ግን ጥሩ አይደለም። በሱፐር ኒንቴንዶ አንድ ትራክ አንድ ድምፅ ነው፤ አዲሱ ኖታ አሮጌውን ቆርጦ ይገባል። እዚህ አሮጌው እየሞተ ሳለ አዲሱ ሌላ ቻናል ይይዛል። ፈጣን ዜማ የሚጫወቱ ስምንት ትራኮች 12 ቻናል ሊጠይቁ ይችላሉ፤ 12 ደግሞ የላይብረሪው ጣሪያ ነው። ለፈጣን ትራኮች መልቀቂያውን ወደ 40 አውርዱ። ለባስና ለዋናው ዜማ ከፍ ያለ ቅድሚያ ስጡ። ለሰይፍና ለእግር ኮቴ ሁለት ቻናል ሁልጊዜ እንደሚያስፈልግ አስባችሁ ሒሳቡን ሥሩ።

ኖታው ራሱ ብዙ ንግግር አያስፈልገውም፤ በእጅ እትሙ ላይ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ትክክል ነው። የሚፈተሸው ምቱ ነው። ላይብረሪው ሩብ ኖታን በ24 ይከፍላል፤ ዋናው ሞተር በ48 የሚከፍል ከነበረ ጌጥ የሆኑ በጣም አጫጭር ኖታዎች ተጠጋግተው ወድቀዋል። ማስተካከያው ርዝመቶቹን ሁሉ እንዳሉ በ48 ጽፎ ቴምፖውን እጥፍ ማድረግ ነው። የቴምፖው ባይት የሚይዘው በደቂቃ ያለውን ምት ግማሽ ስለሆነ ለ140 እጥፍ 280 ነው፣ የሚጻፈው 140። ሆኖም ላይብረሪው ኖታ የሚያነበው በፍሬም አንድ ጊዜ ነው። በደቂቃ 150 ምት ሲሆን በፍሬም ልክ አንድ ክፍል ያልፋል፤ ከዚያ በላይ አንዳንዴ ሁለት ክፍል በአንድ ፍሬም ይነበባል። አንድ ክፍል ብቻ የሚረዝም ኖታ እንዲህ ሲሆን ሳይሰማ ያልፋልና ሁለት ክፍል አድርጉት።

ኢኮው ላይ ተጠንቀቁ። ዋናው ማሽን በ16 ሚሊሴኮንድ እርምጃ እስከ 240 ሚሊሴኮንድ የሚዘገይ፣ ስምንት ነጥብ ያለው ማጣሪያ የተገጠመለት ስቴሪዮ ኢኮ አለው። የእጅ መሣሪያው ላይብረሪ ማስተጋባት ከዚህ ጋር አይወዳደርም፤ ከመውጫ ቋቱ ላይ ያለፈውን ድምፅ ያነሳል፣ ግራና ቀኙን ደባልቆ ለሁለቱም ጎን እኩል ይመልሳል። ቋቱ ለአንድ ጎን 1584 ባይት ነው። በ13379 ሰባት ፍሬም ይይዛል፣ 117 ሚሊሴኮንድ ገደማ። በ21024 ግን አራት ፍሬም ብቻ፣ 67 ሚሊሴኮንድ። ፍጥነቱን ከፍ ስታደርጉ አዳራሹ ክፍል ሆኖ የሚሰማው በዚህ ነው፤ ማስተጋባቱን በኃይል መጨመር ደግሞ የቆርቆሮ ድምፅ ያመጣል። ቻናል ከተረፋችሁ የሚሻለው ዋናውን ዜማ በሌላ ትራክ ደግሞ ማሰማት ነው፦ በሲሶ ድምፅ፣ በተቃራኒው ጎን፣ ዘግይቶ። በደቂቃ 120 ምት ሲሆን አንዱ ክፍል 20.8 ሚሊሴኮንድ ስለሆነ ለ160 ሚሊሴኮንድ ኢኮ 8 ክፍል ማዘግየት ይበቃል።

ስትፈትሹ ኢሙሌተሩን፣ ማለትም መሣሪያውን በኮምፒውተር ላይ የሚያስመስለውን ፕሮግራም፣ በጥርጣሬ ተመልከቱት። አንዳንዶቹ የድምፅ ማሻሻያ አማራጭ አላቸው፤ የላይብረሪውን ድመራ ራሳቸው በተሻለ ጥራት ይሠሩታል። ያ አማራጭ ከበራ ጫጫታው ይጠፋል፣ እናንተም ያስተካከላችሁት ይመስላችኋል። አጥፉት፤ ከዚያ በእውነተኛው መሣሪያ ላይ፣ መጀመሪያ በራሱ አንድ ድምፅ ማጉያ፣ ቀጥሎ በጆሮ ማዳመጫ አዳምጡ። በማጉያው ላይ የማይሰማ ባስ በማዳመጫው ሊያፍን ይችላል።

ከተሰብሳቢው የተነሱ ሁለት ጥያቄዎችን እንመልስ።

አንደኛው ሥራው እንዴት ይሰራጭ የሚል ነው። የጨዋታውን ፋይል አታሰራጩ፤ ልዩነቱን ብቻ የያዘ ፓች አውጡ። አይፒኤስ የተባለው የቆየ ዓይነት ከ16 ሜጋባይት በላይ ያለ አድራሻ መጻፍ ስለማይችል ናሙናዎቹን ከዚያ በላይ ካስቀመጣችሁ አይሆናችሁም። ቢፒኤስ የፋይሉን ትክክለኛነት ራሱ ስለሚያረጋግጥ በተሳሳተ እትም ላይ ተለጥፎ ከሚመጣ አቤቱታ ያድናችኋል። የድሮዎቹ ናሙናዎች ግን አሁንም የባለቤታቸው ንብረት ናቸው፣ በፓች ውስጥ መሆናቸው ይህን አይለውጥም። ንጹሑ መንገድ ተጠቃሚው ያሉትን ሁለት ካርትሪጆች አንብቦ ናሙናዎቹን እዚያው ኮምፒውተሩ ላይ ፈትቶ የሚያስገባ ትንሽ ፕሮግራም መጻፍ ነው።

ሁለተኛው ይኸው ዘዴ ለኒንቴንዶ ዲኤስ ይሠራል ወይ የሚል ነው። የናሙናው ክፍል፣ ማለትም የሉፑ አፈታትና የቅኝቱ ስሌት፣ በመርሁ ይሠራል። ዲኤስ ግን 16 የሃርድዌር ቻናል ስላለውና 16 ቢት ናሙና ስለሚቀበል ስለ ሚክሰሩና ስለ ቋቱ ያወራነው እዚያ አያስፈልግም። በቀጥታ ከአነሳስና አወራረድ ቁጥሮቹ ጀምሩ።